የሥራ ሽታ ነው

አጁሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሁልጊዜ የምትቀመጠው የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር። እዚያ ነፋስ ይገባል። ቅዳሜ ማምሻውን ክንዷን እስከ ክርኗ በሎሚ ፈትጋ፣ በሳሙና ደግማ፣ ሳሙናውም አላስተማምን ሲላት በልብስ ኦሞ ትሠልስበታለች። እንዲያም ሆኖ ከጎኗ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው አፍንጫውን ያሸ እንደሆነ አጁሉ ፈቀቅ ትላለች። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷ ግን ሰው ሳይከሳት ራሷን ትከሳለች። ዓሣ ሻጭ ናታ!

ዓሣ መሸጥ የሚያሳፍር ሥራ ሆኖ አይደለም። ባሏ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወርዶ፣ ወርቁን ሳያገኝ ሌላ ሚስት አግኝቶ እዚያው ሲቀር፣ ልጆቿን ያሳደገቻቸው በዓሣ ነው። ከባሮ ዳር ከጀልባ ተቀብላ፣ አምባዛውን ከቆሮሶው ለይታ፣ ቢላዋዋን ድንጋይ ላይ ስላ ስትበልት ያያት ሰው እጇን ይመርቃል። ጋምቤላ ውስጥ የእሷን ዓሣ ያልቀመሰ ሹም ወይም ነጋዴ አለ ለማለት ይከብዳል። ግን የከተማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓሣውን ጣቱን እየላሰ ይበላና ዓሣ ሻጯን ሲያይ አፍንጫውን ይይዛል።

የባሮ ዳሩ ዓሣ አልበቃ ሲላት ኢታንግ ድረስ መሄድ ጀመረች። እዚያ ዓሣው ይበረክታል፤ የጋምቤላ ሆቴሎችም ትኩስ ከሆነ ያመጣችውን ሁሉ ይወስዱላታል። ችግሩ መንገዱ ነበር። አናት በሚበሳው ፀሐይ ዓሣ ሰው አይጠብቅም። የሚኒባስ ረዳት ደግሞ የበረዶ ሣጥኗን ገና ከሩቅ ሲያይ፣ ባዶ ወንበር እያለ፣ "ሞልቷል!" ይላታል። ቢጭናትም ከኋላ ጥግ ያስቀምጣትና "መስኮት ክፈቱ!" እያለ ያውጅባታል። ባጃጅ ነጂዎቹ ጭራሽ "ለሽታው ጨምሪ" ማለት ለመዱ። ለሽታ ታሪፍ የወጣበት ሌላ አገር ካለ ይንገሩኝ! አጁሉ ትከፍላለች፤ ከፍላም "ይቅርታ" ትላለች። ሌት ተቀን የምትመኘው ግን አንድ ነገር ነበር፤ የራሷ መኪና እንዲኖራት፣ ማንም "ወደ ኋላ ሂጂ" የማይላት።

ያገለገለ መኪና ለመፈለግ ሩቅ አልሄደችም። መኪና ሻጩ ወንድም ጌዴዎን እዚያው ቤተ ክርስቲያን አብሯት ያመልካል። መሸጫው በዋናው መንገድ ዳር ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ በሩ ላይ "እግዚአብሔር ረዳቴ ነው" ተብሎ ተጽፎበታል። ድምፁ ያማረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰላምታው የማያልቅ ሰው ነው። መዘምራኑን ሲመራ ዓይኑን ጨፍኖ ያለቅሳል። እኔ ብሆን ዓይኑን ጨፍኖ በሚያለቅስ ነጋዴ ፊት ኪሴን እይዝ ነበር፤ አጁሉ ግን እንደኔ ክፉ አይደለችም። "ሰውን ማመን ቀብሮ ነው" ሲባል ከደጋ ሰዎች ሰምታ ታውቃለች፤ የደጋ ሰው ነገር ያበዛል ብላ ትታዋለች።

"ይቺን እዪልኝ እህቴ" አላት ጌዴዎን፣ የአንዲት ነጭ ፒክአፕ ኮፈን መታ መታ እያደረገ። "ኩሌ የስደተኞች ካምፕ የነበረች ናት። አንድ የውጭ አገር ዶክተር ብቻ ነው የነዳት። ሰውዬው ጭቃ አይወድም፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ያለብሳት ነበር። ስንቱ ለምኖኝ እምቢ ያልኳት ናት፤ ላንቺ ስለሆነ ነው።"

ጋምቤላ ውስጥ "የኤንጂኦ መኪና" ከተባለ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ታናሽ ወንድሟ ኦጆት ሹፌር ነው፤ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና "ትሄዳለች። ግን መካኒክ ይያት" አለ። ወቅቱ በጋ ነበር፤ መሬቱ ደርቋል፣ መኪናዋም ደርቃለች። አጁሉ ለወንድሟ መልስ ሳትሰጥ ገባችና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። በሩን ዘጋችው።

ያን ጊዜ ሸተታት። የቆየ ውሃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ረግረግ። አጁሉ ደነገጠች፤ ፊቷ ጋለ። ዶክተር በተቀመጠበት ንጹሕ ወንበር ላይ እሷ መጥታ! በሎሚ ታጥባ እንኳን! ቀና ስትል ጌዴዎን በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ያያታል።

"ይቅርታ ወንድሜ" አለች ቀሚሷን ወደ ራሷ ሰብስባ። "ከገበያ ነው የመጣሁት። መኪናህን አከረፋሁብህ።"

ጌዴዎን ለአፍታ ዝም አለ። ይቺን አፍታ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ መስኮቱን እስከ ታች አወረደላትና "አይዞሽ እህቴ፤ የሥራ ሽታ ነው። ጌታ ላብሽን ይባርክ" አላት።

የአጁሉ ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ሁሉ ዘመን ስትገፋ፣ ፊቱን ሳያዞር በደግ ቃል የመለሰላት የከተማ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ኦጆት የመካኒኩን ነገር ደግሞ ሲያነሳ ተቆጣችው። "እንዲህ ያለውን ሰው ልጠራጠረው?" አለች። መኪናዋን የገዛችው ለሞተሯ ብላ አልነበረም፤ ለዚያች ለአንዲት ቃል ብላ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ምእመናኑ ፒክአፗን ከበው፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት። ጸሎቱን የመራው ጌዴዎን ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ንዴት ያንቀኛል። ሽታው አልለቀቀም። ኦጆት ወንበሩን አጠበ፣ በሩን ከፍቶ ፀሐይ ላይ አዋላት፣ ሽቶ ገዝቶ ሰቀለባት፤ ጠረኑ ያው ነው። "አጁሉ፣ ይሄ ነገር ከመኪናዋ ይሆናል" ሲላት "አይ፣ እኔ ነኝ። እኔ ራሴን አውቃለሁ" አለችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ዓሣውን ጭና ከኢታንግ ስትመለስ ከውስጥ መቀመጡን ተወችው። ሽታዋ የዶክተሩን ወንበር እንዳያበላሽ ብላ ከዓሣ ሣጥኗ ጋር ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ ትወጣለች። ሻሿን አፏ ላይ ጠቅልላ፣ አቧራውን እየዋጠች፣ አናቷ በፀሐይ እየነደደ። ማንም ወደ ኋላ ሂጂ እንዳይላት የገዛችው መኪና ላይ፣ በገዛ እግሯ ወደ ኋላ ሄደች።

ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ መኪናዋ ጉዷን ታወጣ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ የዝናብ መጥረጊያዋ ብድግ ብሎ ይወዛወዛል። ቆማ ሳለ መብራቷ ይበራል። አንድ ቀን ኢታንግ ኬላ ላይ ፖሊሱ ጠጋ ሲል ክላክሷ በራሱ ጮኸና አልቆምም አለ። ፖሊሱ ወደ ኋላ ዘሎ መሣሪያውን አቀባበለ፤ ኦጆት ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "እኔ አልነካሁትም ጌታዬ! እኔ አልነካሁትም!" ይላል። ኋላ ኬላው በሙሉ ሳቀ።

ያ ያስቅ ይሆናል፤ ቀጥሎ የመጣው አያስቅም። አንድ ሆቴል ትልቅ ስብሰባ ሊያስተናግድ ነበርና ዓሣውን ሁሉ ከአጁሉ አዘዘ። ሣጥኗን ሞልታ ከኢታንግ ተነሳች፤ ግማሽ መንገድ ላይ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ቆመች። ቁልፉ ቢዞር መልስ የለም። በረዶው ቀለጠ። ፀሐይ ወጣች፣ ናረች። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሣጥኑን አይቶ መስኮቱን ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ አጁሉ ዓሣውን አንድ በአንድ እያወጣች ከመንገዱ ዳር ጣለችው፤ አሞሮች ከበቧት። ሆቴሉ ሌላ ሰው ያዘ። "አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ግን እንግዳ አይጠብቅም" አሏት። እውነታቸውን ነው።

በማግስቱ ጌዴዎን ግቢ ሄደች። ልትጣላው አልነበረም፤ እንዲያይላት ነበር። ገዢዎች ቆመው ነበርና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"እህቴ፣ እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? የዓሣ ውሃ እኮ ሽቦ ይበላል! ዶክተሩ ሲነዳት እንዲህ ሆና ታውቃለች? እንደ መስተዋት የምታበራ መኪና ሰጠሁሽ፤ አንቺ የዓሣ ገንዳ አደረግሻት። ይኸው ከዚህ ሆኜ ይሸተኛል።" መሐረብ አወጣ። ከገዢዎቹ አንዱ ሳቀ።

አጁሉ ምን አለች? "ይቅርታ" አለች። ዓይኑን በጨው በታጠበ ሌባ ፊት ቆማ የተሰረቀችው ሴት ይቅርታ ጠየቀች! እቤቷ ገብታ የዚያን ቀን ልብሷን ሁሉ አጠበች፤ ያልለበሰችውንም ጭምር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የአጁሉን እውነት ግን አንድ ሰው መፍቻ ይዞ ምንጣፍ ማንሳት ነበረበት። የኑዌሮቹ ሰፈር ኒውላንድ ውስጥ ዱዋል የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን አለ። በዚያ ሰሞን ከተማው ሆድና ጀርባ ሆኖ አኙዋው ወደ ኑዌሩ ሰፈር፣ ኑዌሩም ወደ አኙዋው ሰፈር ለመሄድ ይፈራል። ጎረቤቶቿ "እዚያ አትሂጂ" አሏት። ኦጆት ግን "ከጎረቤት ምክር የዱዋል ቴስተር ይሻለኛል" ብሎ መኪናዋን አስጎትቶ ወሰዳት። አጁሉም ተከተለችው።

ዱዋል ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ የበሩን የውስጥ ሽፋን ነቀለ። ቀጥሎ ወንበሮቹን አወጣ፤ ምንጣፉን ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አጁሉን አያት። እሱ አኙዋኛ አይችልም፣ እሷ ኑዌርኛ አትችልም፤ በሁለቱም አፍ የማይለሰልሰው አማርኛ መሐላቸው ነበር።

"እናቴ፣ ይሄ መኪና ማን ሸጠሽ?"

"ወንድም ጌዴዎን። የዓሣ ውሃ አበላሸሽው ብሎኛል።"

"የዓሣ ውሃ?" ዱዋል ጣቱን ከጣሪያው ጨርቅ ሥር አስገብቶ ሲያወጣው ግራጫ ደለል ይዞ ወጣ። "ዓሣ እዚህ ላይ ይወጣል? ዓሣ ጣሪያ ላይ ትጭኛለሽ? ይሄ መኪና ባሮ ገብቷል። ባለፈው ጎርፍ። ብዙ ቆይቷል ውስጥ። ሁሉም ሽቦ በልቷል።" በበሩ ሆድ ውስጥ ደለሉ እንደ ገንፎ ተጋግሮ ደርቋል። ከምንጣፉ ሥር ቀንድ አውጣ ከነቅርፊቱ፣ የሸንበቆ ሥር፣ ጣት የማታህል የደረቀች ዓሣ። ያቺን ዓሣ ማንም አልሸጣትም፤ ራሷ ዋኝታ ነው የገባችው።

አጁሉ ከደለሉ ቆንጥራ ወደ አፍንጫዋ አቀረበችው። ውሃው ሲሸሽ የባሮ ዳርቻ የሚሸተው ይህ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የረገጠችው ጭቃ። ጌዴዎን ግቢ በሩን ስትዘጋ የሸተታት ይኸው ነበር። እሷ አልነበረችም። አንድም ቀን እሷ አልነበረችም።

ከዚያ ያቺ አፍታ ታወሰቻት፤ "አከረፋሁብህ" ስትለው ጌዴዎን ዝም ያለባት። ያኔ ሰውዬው ሲገረም ነበር። ሊደብቀው የተጨነቀበትን ሽታ ገዢዋ ራሷ መጥታ "የኔ ነው" አለችለት! ተሸከመችለት! እሱም "አይዞሽ" አላት። አጁሉ መኪናው ተበላሽቶ አላለቀሰችም፣ ዓሣዋን ለአሞራ ስትሰጥ አላለቀሰችም፤ አሁን ግን በንዴት አለቀሰች። ሌባ ገንዘብ ይወስዳል፤ ይሄ ገንዘቧንም ወሰደ፣ ነውሩንም አሸከማት። ከኋላ የተቀመጠችበት መንገድ ሁሉ፣ የዋጠችው አቧራ፣ በኦሞ የላጠችው ክንዷ፣ አንድ በአንድ መጣባት።

"ብር ትሰጪኛለሽ ለሥራ" አለ ዱዋል መፍቻውን እየጠረገ፤ "መኪናው ግን አይድንም። ልዋሽሽ አልችልም።"

"አንተ ጎበዝ ነህ" አለችው አፍንጫዋን በክንዷ ጠርጋ። "ብር ይገባሃል።"

ነገሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሄደ። ሰብሳቢው አቶ አባንግ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥል ሲያዩ ግን እንደ ፈረንጅ ዶሮ ይደነብራሉ። ጌዴዎን መጀመሪያ ካደ፤ ኦጆት የደለሉን ጆንያ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፈው "እኔም ተታልዬ ይሆናል" አለ፤ በመጨረሻም "ለሰላም ስል" መኪናዋን ወስዶ ገንዘቧን እንደሚመልስ ተናገረ። ለሰላም ስል! የሰረቀውን ሲመልስ እንደ ምጽዋት ቆጠረው።

"ገንዘቤን እወስዳለሁ" አለች አጁሉ። "ግን አንድ ነገር ይበል። ያን ቀን መኪናው ውስጥ የሸተተው ማን ነው? እሱን ይበል።"

"እህቴ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም" አለ ጌዴዎን።

"ልጄ፣ ገንዘብሽ ተመልሷል" አሉ አቶ አባንግ ሰዓታቸውን እያዩ። "የቀረውን ለጌታ ተዪው። ተነሡ እንጸልይ።" ተነሡ፤ ጸለዩ። ጌዴዎን ዓይኑን ጨፈነ። አጁሉ ግን አልጨፈነችም፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ፊቱን ስታየው ቆየች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ታሪኩ እንደ ብዙ ታሪክ ተዳፍኖ በቀረ ነበር። ጌዴዎን ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ የተነሣ ሰው ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱም መኪናዋም ሲደርቁ አንድ ጠዋት መምህር ጩዎል፣ ዘወትር ዓሣ የሚገዛት ሰው፣ ባሮ ዳር መጣና ሲሳሳቅ አጫወታት።

"አጁሉ፣ ያንቺን መኪና ልገዛ ነው መሰለኝ። ነጯን። የዶክተሩን።"

"እሷ ትሄዳለች?"

"ጥሩ ትሄዳለች። ትንሽ ትሸታለች እንጂ።" መምህሩ አፈረ፤ መሬት መሬቱን እያየ ጨረሰው። "ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ዓሣ ሻጭ ስለያዘቻት ነው፣ ይለቃል አለኝ ጌዴዎን።"

አጁሉ ቢላዋዋን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ሰውዬው ለዘላለም ሊያሸክማት ነው! መኪናዋን መልሳለታለች፤ ሽታውን ግን በስሟ አስቀርቶ ይቸበችበዋል። "መምህር፣ ነገ ጠዋት ሳትከፍል ወደ ግቢው ና" አለችው። "እኔ እዚያ ነኝ።"

በማግስቱ ሎሚ አልነካችም፤ ኦሞም አልነካችም። የበረዶ ሣጥኗን፣ ጣውላዋንና ሳፋዋን በባጃጅ ጭና፣ ነጂው "ለሽታው ጨምሪ" ሲል "አልጨምርም፤ ካልፈለግህ አውርደኝ" ብላ፣ ጌዴዎን በር ላይ፣ "እግዚአብሔር ረዳቴ ነው" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ገበያዋን ዘረጋች። መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ማን ይከለክላታል? አምባዛውን እየበለተች ገዢ ለመጥራት ድምፅዋን ለቀቀችው። በአኙዋኛ ጀምራ ነበር፤ ሁሉም ይስማው ብላ ወደ አማርኛ መለሰችው።

መምህር ጩዎል መጣ። አጁሉ ከበረዶው ውስጥ አንድ ቆሮሶ አንሥታ ወደ አፍንጫው አስጠጋችለት። "አሽተው። ይሄ የኔ ነው፤ ዓሣ ነው። አሁን ግባና መኪናው ውስጥ መስኮት ዘግተህ ተቀመጥ። ከዚያ መጥተህ አንድ ነው ወይስ ሌላ፣ ንገረኝ።"

መምህሩ ገባ። ጌዴዎን ከኋላው እየተጣደፈ "መስኮቱን ልክፈትልህ" ይላል፤ መምህሩ "ተወው፣ ይዘጋ" ይላል። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና እያስነጠሰ ወጣ። "ይሄማ ጎርፍ ነው!" አለ። "የኛም ቤት ጎርፉ ሲሸሽ እንዲህ ነበር የሚሸተው!" አጁሉ ዓሣውን ጠቅልላ ሰጠችው፤ ከፍሎ ሄደ። በጨዋታው የተሰበሰበው ሰው ዓሣውን ገዛ፣ እየሳቀም ተራ በተራ ፒክአፗ ውስጥ እየገባ አሸተተ። በማግስቱም መጣች። በሳልስቱም። በጌዴዎን ግቢ ከሚቆም መኪና ሁሉ፣ ደህናውም ሳይቀር፣ ገዢው መጀመሪያ ምንጣፍ ያስነሣ ጀመር።

አንድ ጠዋት ጌዴዎን ራሱ ወደ በሩ ወጣ። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው፤ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዟል። መንገደኛው ዘወር ብሎ ያያል።

"እህት አጁሉ" አለ በዝግታ፤ "ስለ ጌታ ብለሽ ከዚህ ተነሺልኝ። ሽታው ደንበኛ አባረረብኝ።"

አጁሉ ቀና ብላ አየችው። ለአፍታ ዝም አለች። እሱ ዝም ባለባት መጠን ዝም አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ ቅርፊት የተለጠፈበትን እጇን ወደሱ ዘርግታ፣

"አይዞህ ወንድሜ" አለችው፤ "የሥራ ሽታ ነው።"

ቀጥላም ከሣጥኑ ሌላ አምባዛ አወጣችና ጣውላው ላይ ዘረጋችው።